ዘጠና አንድ

መኪናዬን ገዛሁ፣ ራስ አል ኸይማ ላይ፣
ነጭ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ጭረቷ የሚታይ፤
ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ነድቷታል በተራ፣
አንዱ ወንበሯ ላይ አጥፍቷል ሲጋራ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከኋላ ወንበር፣
የማዳም ልጅ ታቅፌ ስጓዝ ነበር፤
አሁን መሪው የእኔ፣ ቁልፉም የእኔ፣ ዕዳውም የእኔ፤
ምን ላጠጣት አልኩኝ፣ ለዚች ለሁለተኛ ዓይኔ?

የማደያው ልጅ፣ ሽጁ፣ ጎንበስ አለ በመስኮት፣
«ስፔሻል? ሱፐር? የቱን ልቅዳልሽ፣ እህት?»
ሦስት ቁጥር አየሁ ማሽኑ ላይ ሲያበራ፣
ዘጠና አንድ፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስምንት በተራ።
«ትልቁን ቅዳላት!» አልኩ ከመኪናዬ፣
ለሙሽራ ሽሮ ማን ያቀርባል ብዬ።

ስድስት ወር ሙሉ ሱፐሩን ጠጣች፣
ከጎረቤቷ አሮጌ ታክሲ አንዲት ክንድ አልቀደመች።
ታንኳ በሞላ ቁጥር (የዓሣ አጥማጅ አይደለም፣ የቤንዚኗን ማለቴ)
ስምንት ድርሃም ትርፍ ይሄዳል፤
አንድ ሻዋርማ ከነድንቹ፣ ተነጥቆ ከራቴ።

ዘይት ላስለውጥ ሄጄ፣ የገንደ ቆሬ ልጅ ሚፍታህ፣
የነዳጇን ክዳን ከፍቶ «ነይማ» አለኝ፣ «ምን ነክቶሽ ነው በአላህ!»
ከክዳኑ ጀርባ፣ አቧራ የበላው ተለጣፊ ወረቀት
ዘጠና አንድ ይላል፤
ስድስት ወር አጠገቡ ቆሜ አላየሁት።
«ያ ደካማው ነዳጅ? የድሃው?» አልኩት ከፍቶኝ።
ሳቀ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦

«ኦክቴን ጉልበት አይደለም፣ ትዕግሥት ነው፤ ሲጫኑት የሚችል፣
ፒስተኑ ሲጨምቀው፣ ሙቀቱ ሲያይልበት፣
ሻማው ሳይጠራው የማይፈነዳ፣ ‹ቆይ› የሚል።
ትዕግሥቱ ካነሰ፣ ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠላል፤
ያኔ ሞተሩ፣ በር እንደቆለፉበት ሰው፣ ከውስጥ ያንኳኳል።
ያንቺዋ ግን ትንሽ ናት፣ ሞተሯ ብዙ አይጨምቅም፤
ለማይጫን ሞተር ይህን ያህል ትዕግሥት አይገዛም።»

ዝም አልኩ።
ከውስጥ ማንኳኳትን እኔ አውቀዋለሁ፤
አንድ ሐምሌ ሙሉ፣ ቁልፉ በውጭ ሆኖ፣ በር ስደበድብ ከርሜያለሁ።
ኋላ አቆምኩ። «ታጋሽ ናት» አሉኝ፤
ዘጠና ስምንት ነበርኩ ማለት ነው፤ በርካሽ ቀዱኝ።

ለሚፍታህ ይህን አልነገርኩትም። ከፈልኩ፣ ወጣሁ።
ሽጁ ትልቁን ቧንቧ አንስቶ ነበር፣ በልምድ፤
«ተው መልሰው» አልኩት፣ «ዛሬ ዘጠና አንድ።»
«ደሞዝ ቀረ እንዴ?» በሚል ዓይን አየኝ፣
ከኋላ የቆመው ላንድክሩዘር ጥሩንባውን ነፋብኝ።
ሄደች፣ እንደ ትናንቱ፣ ያለ ኩራት፣ ያለ ቅሬታ፣
ስምንቷን ድርሃም ሻዋርማ በላሁባት ማታ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነሐሴ ላይ፣ ሙቀቱ አርባ ሰባት፣
ጀበል ጄይስ ልንወጣ፣ እነ ሉባባን ጭኜባት፣
ኤሲው ተከፍቶ፣ ሐብሐቡ ከነበረዶ ሳጥኑ፣ ዳገቱ መሐል፣
ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጠጠር በጣሳ የሚንቀጫቀጭ ይመስላል።
ማርሽ ቀነስኩ። ኤሲውን አጠፋሁ። ሉባባ «ሞቀን!» ብላ ጮኸች፤
«ታገሺ» ልላት ነበር፣ ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።
«ውረዱ» አልኳቸው ዳር ይዤ፣ «ሐብሐቡን እንብላ፤
እያንኳኳች ነው፣ አልሰማችሁም?»
ተቀመጥን፣ ከድንጋዩ ጥላ።

(ከዚያ ወዲህ ለተራራ ዘጠና አምስት እቀዳለሁ፤
ለከተማው ያው አንዱ፤ ልኳን አውቃለሁ።)

ያን ቀን ግን ተራራው ግማሽ ላይ ቀረ፤ ሐብሐቡን ጨረስን፤
ሉባባ ፍሬውን ገደል ስትተፋ፣
ሞተሯ ሲቀዘቅዝ ጠ፣ ጠ ሲል ሰማን።